የአባዬ ሁለት ጉርሻ

የጆንያ ሽታ ያስደነግጠኛል። ሌላውን ሰው እባብ ያስደነግጠዋል፣ መብረቅ ያስደነግጠዋል፤ እኔን ደግሞ ጆንያ። ባለፈው ጥቅምት ለልቅሶ ወደ አጋሮ ስሄድ አንድ ሰውዬ ባዶ የቡና ጆንያ ጠቅልሎ ሚኒባሱ ውስጥ እግሬ ሥር አስቀመጠ። አዲስ ጆንያ አይደለም፤ ቡና ታስሮበት፣ ዝናብ መትቶት፣ ናፍጣ ነክቶት የደረቀ ነው። እግሬን ሰብስቤ ወደ ጥግ ሸሸሁ። ሰውየው ፊቴን አይቶ «ምነው እህቴ፣ መኪና ያዞርሻል እንዴ?» አለና መስኮቱን ከፈተልኝ። መኪና አያዞረኝም። የሸተተኝ የአባቴ ጃኬት ነው።

አባቴ ሾፌር ነበር። ክረምቱን እኛ ጋ፣ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ቤታችን ይከርማል፤ ጋራዥ ለጋራዥ እየዞረ የሰው መኪና ይጠግናል። መስከረም ጠብቶ ቡናው መቅላት ሲጀምር ግን ጃኬቱን ይለብስና ይሄዳል። ከዚያ ቡናው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተጭኖ እስኪያልቅ አይመጣም። «አባትሽ የት ሄደ?» ሲሉኝ እናቴ እንዳስጠናችኝ «ቡና ላይ ነው፣ አዲስ አበባ» እላለሁ። እኔ ደግሞ ልጅ ነኝና የምር ቡና ላይ የተቀመጠ ነበር የሚመስለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ተራራ የሚያህል የቡና ክምር አለ፤ አባዬ ጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሌባ ይጠብቃል፤ አንዴ ከወረደ አለቀ፣ ይዘርፉታል። ለገና የማይመጣው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምን ነበር። የጎረቤት ልጆች አባቶቻቸው ለገና በግ ሲጎትቱ እያየሁ አዲስ አበባን እንዳለ እረግም ነበር።

የማወራው ስድስተኛ ክፍል ስለነበርኩበት ዓመት ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኛ በአማርኛ እንማራለን፣ የአጋሮና የሊሙ ልጆች በኦሮምኛ፣ በቁቤ ፊደል መማር ጀምረዋል። እናቴ ሄርማታ መርካቶ፣ አንድ ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ነበራት። ስትሰፋ መርፌ በከንፈሯ ትይዛለች፤ ስለዚህ ብዙ አታወራም። ዝምታዋ ከመርፌው የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ቼዝ ያስተማረኝ አባዬ ነው። እሱ የተማረው በደርግ ጊዜ የመንግሥት ቡና እርሻ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ፣ ከውጭ አገር መካኒኮች ነው። ጠጠሮቹን ራሱ ከቡና እንጨት ጠርቧቸዋል። ፈረሶቹ ፈረስ አይመስሉም፣ አህያ ናቸው፤ እንዲህ ስለው ያኮርፈኛል። ከግንቦቹ አንዱ ጠፍቶ በቦታው የቆመው አሮጌ ካንዴላ ነበር፤ ያ የቤንዚን ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭረው ነገር። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ግንብ የሚባል ነገር ቀረ፤ አራቱም ካንዴላ ተባሉ። «ካንዴላሽን ጠብቂ!» ይለኛል፤ እናቴ እንኳ ቤት ስትጠርግ «ካንዴላችሁ አልጋ ሥር ገብቷል» ትላለች።

አጨዋወቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። በመጀመሪያ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ያስኬዳል፣ እኔም የእኔን። ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን ወታደር አምጥቶ አፌ ላይ ያቆመዋል። በነጻ! «ጉርሻ ነው፣ ብዪ» ይለኛል። እበላለሁ። የበላሁበትን ወታደር ለማዳን ሌሎቹን ወታደሮቼን ስነዳ፣ ፈረሱ መንገዴ ላይ ይገባል። እሱ ግን ፈረሱን ማሸሽ ትቶ ንጉሡን ከካንዴላው ጀርባ ይደብቃል።

«አባዬ፣ ፈረስህ!»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይላል እየሳቀ። «ሁለተኛ ካላጎረስኩሽ ልንጣላ አይደል?»

ሁለተኛውን የበላሁ ዕለት ወዮልኝ። ወታደርና ፈረስ ሰጥቶ በር ከፍቷል፤ ንግሥቱ፣ ጳጳሱ፣ ካንዴላው በዚያ በር ይጎርፉብኛል። ሆዴ ሞልቶ እሞታለሁ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ እንደ ለጋስነት ነበር የምቆጥረው፤ አባዬ ካለው ላይ የሚሰጥ፣ እጁ የማይሰስት ሰው ነው ብዬ እኮራበት ነበር።

በዚያ መስከረም ሲሄድ እንደ ወትሮው የቼዙንም ገበታ ጠቅልሎ ያዘ። «ለእኔ ተውልኝ» ብዬ አለቀስኩ። «እዚያ ብቸኝነት አለ ልጄ» አለኝ። አሳዘነኝና ለቀቅኩት። ቡና ክምር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ግራ እጁ ከቀኝ እጁ ጋር ሲጫወት ታየኝ።

ገበታው ሲሄድብኝ የትምህርት ቤቱ የቼዝ ክበብ ገባሁ። ክበቡን የሚመሩት የስፖርት መምህራችን ቲቸር ግርማ ነበሩ፤ ድምፃቸው ከፊሽካቸው የሚበልጥ ሰው። የአባዬን አጨዋወት ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ጋምቢት ይባላል። ማን አሳየሽ? የዕብድ አጨዋወት ነው!» አሉ። ዕብድም ይሁን ምን፣ ወንዶቹን አንድ በአንድ ጠረግኳቸው። ጉርሻ ሲሰጣቸው ይደነግጣሉ፤ ሲደነግጡ ይስገበገባሉ። አንዱ ፈረሴን በልቶ ሲሸነፍ «አታለለችኝ» ብሎ ለእናቱ ከሶኛል።

ኅዳር ላይ ቲቸር ግርማ አንድ ነገር ነገሩን። የጅማና የዙሪያው ትምህርት ቤቶች ሊወዳደሩ ነው፤ አንደኛ የወጣው ልጅ ከገና በፊት አዲስ አበባ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። አዲስ አበባ! የቡናው ክምር ያለበትን እጠይቃለሁ፤ ያን የሚያህል ተራራ የማያውቅ ሰው የለም። ሥሩ ቆሜ «አባዬ!» ብዬ እጣራለሁ። ይወርዳል። ለገና ይዤው እመጣለሁ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ዋንጫ ቢሉኝ፣ ሽልማት ቢሉኝ ጉዳዬ አይደለም።

ለእናቴ በረንዳው ላይ ነገርኳት። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣቻቸው።

«አዲስ አበባ ሰፊ ነው፣ ሮማን። ሰው አይገኝበትም።»

«እኔ አገኘዋለሁ።»

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ከዚያ «እስቲ ዙሪ» ብላ ወገቤን ለካች። ለውድድሩ አዲስ ሰማያዊ ጉርድ ሰፋችልኝ። እምቢ ባለማለቷ ገርሞኝ ነበር፤ ደስታው ግን በለጠና ረሳሁት።

ውድድሩ የተደረገው ታኅሣሥ ውስጥ፣ እዚያው ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ከውጭ የታጠበ ቡና ጠረን ይገባል፤ ያ የልጣጩ፣ የመረረ ጠላ የሚመስለው። አዳራሹ በልጆች ተጨናንቋል፤ ሴት እኔና አንዲት የሊሙ ልጅ ብቻ ነን፣ እሷም በጠዋት ተሸንፋ ብርቱካን እየበላች ነበር። እኔ አሸነፍኩ፣ አሸነፍኩ፣ አንዱን ብቻ አቻ ወጣሁ። መጨረሻ ላይ የቀረነው ሁለት ሆንን። ሌላው ልጅ ሁሉንም ስላሸነፈ በግማሽ ነጥብ ይቀድመኛል። ቲቸር ግርማ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «እሱ አቻ ይበቃዋል። አንቺ ግን ካላሸነፍሽ አዲስ አበባ የለም» አሉኝ።

ልጁ ከአጋሮ የመጣ፣ እጅጌው የረዘመበት ሹራብ የለበሰ፣ በዕድሜ እኔን የሚያክል ነው። ውድድሩንም የሚመሩት ቲቸር ግርማ በዚያ ድምፃቸው ለአዳራሹ አስታወቁ።

«ሮማን በቀለና ኦብሳ በቀለ! እህትና ወንድም ናችሁ እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። እኛም ሳቅን። በቀለ የሚባል አባት በኛ ክፍል ብቻ ስንት ነበር፤ ማን ልብ ይለዋል።

ነጩ ለእኔ ደረሰኝ። የንጉሡን ወታደር አስኬድኩ፤ እሱም። የአባዬን ጉርሻ አቀረብኩ። እስከዚያ ቀን የተጫወትኳቸው ልጆች በሙሉ እዚህ ላይ ቆም ይላሉ፣ ያሽታሉ፣ ያጠራጥራቸዋል። ኦብሳ ቀና እንኳ ሳይል በላው። የበላውን ወታደር ደግሞ በጭንቅላቱ ዘቅዝቆ የገበታውን ጠርዝ አስደገፈው። አባዬ እንደዚያ ያደርጋል። ሌላም ሰው ያደርገው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ወታደሮቹን መንዳት ጀመረ፤ አነዳዱ እኔ ከአባዬ ጋር ስጫወት እንደምነዳው ነው፣ አንድም ሳያዛንፍ። ፈረሴ መንገዱ ላይ ገባ። ንጉሤን ደበቅኩና ፈረሱን ተውኩለት።

ከኋላችን የቆሙት ልጆች «እንዴ! ፈረሷን ረሳች!» ብለው ጮኹ። ኦብሳ ግን አልጮኸም። ፈረሱን አንስቶ፣ ዘቅዝቆ፣ በዝግታ እንዲህ አለ፦

«አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

ቀና ብዬ አየሁት። ግን ይህን የማይል ማን አለ? በየማዕዱ የሚባል ነገር ነው። ራሴን ተቆጣሁ፤ አዲስ አበባ እየጠበቀችኝ የማልረባ ነገር አስባለሁ። ንግሥቴን አወጣሁ፣ ጳጳሴን አነጣጠርኩ፣ ግንቤን በተከፈተው መንገድ ላይ ተከልኩ። እሱ ግን በሩን በሙሉ ያውቀዋል። በዚህ ስመጣ ቀድሞ ዘግቶታል፣ በዚያ ስመጣ ቀድሞ ቆሟል። እንዲህ ከሚያውቀኝ ሰው ጋር ተጫውቼ አላውቅም። ንጉሡን ወደ ጥግ ካሯሯጥኩት በኋላ ልጁ አገጩን ይዞ ለራሱ አጉረመረመ፦

«ይቺ ካንዴላ አስቸገረችኝ።»

እጄ አየር ላይ ቀረ።

የምንጫወትበት የትምህርት ቤት ፕላስቲክ ነው። ገበታው ላይ ካንዴላ የሚመስል ነገር የለም። በዚህ ዓለም ላይ ያን ጠጠር ካንዴላ የሚሉት ሦስት ሰዎች ብቻ እንደሆኑ ነበር የማውቀው፤ እኔ፣ እናቴና አባዬ። ደነገጥኩ ማለት አይበቃም። የገዛ ቤታችን በር ሲከፈት የማላውቀው ልጅ አልጋዬ ላይ ተኝቶ ያገኘሁት ያህል ሆነብኝ። የአዳራሹ ጫጫታ ሁሉ ራቀ።

ንግሥቴን አንስቼ ንጉሡን ጠራሁት። «ቼክ» አልኩ፤ ቀጥዬ በሹክሹክታ፣ «ካንዴላ ያልከው ምኑን ነው?»

በጣቱ ግንቡን ነካ። «ይሄን። እኛ ቤት እንደዚያ ነው የሚባለው።» ንጉሡን አንድ ቤት አሸሸ።

«ቼክ። ለምን?»

«አንዷ ጠፍታ በእሷ ፋንታ ካንዴላ አድርገናል።» ንጉሡን መለሰ።

«ቼክ። ማን አስተማረህ?»

«አባ ኮ» አለ፤ አባቴ ማለቱ ነው።

«ጸጥታ!» አሉ ቲቸር ግርማ ከወዲያ።

ንግሥቴን ወደ መጀመሪያው ቤት መለስኳት። ለማሸነፍ ከፈለግሁ ቼክ ማለቱን ትቼ ሁለተኛውን ጳጳሴን ማምጣት ነበረብኝ፤ አይቼዋለሁ፣ ቦታው ወለል ብሎ ታይቶኛል። ግን ጳጳሱን ካነሳሁ ልጁ ነጻ ተራ ያገኛል፣ ያስባል፣ መልስ መስጠቱን ይተዋል። ቼክ ያልኩት እንደሆነ ግን መንቀሳቀስ ግዴታው ነው። መልስም እንደዚያው ግዴታው መሰለኝ።

«ቼክ። አባትህ ምን ይሠራል?»

«ሾፌር ነው። አይሱዙ ይነዳል።»

«ቼክ። አሁን የት ነው?»

«አሁንማ የቡና ጊዜ አይደል? እኛ ጋ ነው፣ አጋሮ። ክረምቱን ነው እንጂ የሚጠፋው። ክረምት ጅማ ይሠራል፣ ጋራዥ።»

የቡናው ተራራ ያን ጊዜ ነው የተናደው። አዲስ አበባ አልነበረም። ብቻውን አልነበረም። እኔ ለገና ከመስኮት ስር ሆኜ የመኪና ድምፅ ስጠብቅ እሱ አጋሮ ነበር፤ በጠዋት ተሳፍሮ ለምሳ የሚደረስባት አጋሮ! ለዚህ ልጅ «ጉርሻ ነው፣ ብላ» እያለ። ልጁን ጠላሁት። ወዲያው ደግሞ እየው እየው አለኝ፤ ጆሮው፣ የቅንድቡ አገጣጠም የአባዬ ነው። እስካሁን እንዴት አላየሁትም ብዬ ሌላ ድንጋጤ ደነገጥኩ።

ኦብሳ ንጉሡን ይዞ ሳያስቀምጠው ቀና አለ። «አንቺንስ?» አለኝ። «ይሄን ጨዋታ አንቺን ማን አስተማረሽ?»

ገበታው ላይ አቀረቀርኩ። እሱ ግን ፊቴን አነበበው መሰለኝ፤ ዓይኑ በዝግታ እየሰፋ ሄደ። የረዘመውን እጅጌውን ጎትቶ አፉን ሸፈነ። ከዚያ ንጉሡን አስቀመጠ፤ እኔም «ቼክ» አልኩ፤ እሱም አሸሸ፤ እኔም «ቼክ» አልኩ። የምጠይቀው አልቆብኝ ነበር። ጨዋታው ካለቀ መነሳት አለብን፤ ከተነሳን ደግሞ ነገሩ እውነት ሊሆን ነው።

ቲቸር ግርማ መጥተው እጃቸውን ገበታው ላይ አሳረፉ። «በቃ! አቀማመጡ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆነ። አቻ ነው።» ወደ እኔ ዞረው በንዴት «ጳጳስሽ እዚህ ተቀምጦ! ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?» አሉ። አዳራሹ ለኦብሳ አጨበጨበ። አዲስ አበባ የሚሄደው እሱ ሆነ። እሱ ግን ጭብጨባውን አልሰማም፤ ተሻግሮ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ።

«ውጭ ነው» አለኝ። «ያመጣኝ እሱ ነው። መኪናው ውስጥ ነው።»

ወደ በሩ ለመሮጥ ተነሳሁ። ለሳምንታት ያለምኩት ይህን አይደል? አባዬን ማየት፣ መጥራት፣ ይዞ ወደ ቤት መሄድ። አዲስ አበባ መሄድ ሳያስፈልገኝ በር ላይ ቆሞልኛል። ኦብሳ ግን ክንዴን አለቀቀም።

«ማሎ» አለኝ፤ እባክሽ ማለቱ ነው። እያለቀሰ ነበር። «እንዳወቅን ካወቀ ይጠፋል። እኔ ጋም አይመጣ፣ አንቺ ጋም አይመጣ። ማሎ፣ አትንገሪው።»

ይህን ከእኔ ቀድሞ ማሰቡ አናደደኝ፤ እውነትም መስሎኝ ፈራሁ። መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። አይሱዙው ከአጥሩ ውጭ፣ ጆንያ ተቆልሎበት ቆሟል። አባዬ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ ሸንኮራ ይልጣል። ያው ጃኬት ነው። ልቤ እንደ ወትሮው በደስታ ዘለለ፤ በዚያ ደስታ ራሴ ደነገጥኩ። ኦብሳ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ወጣ። አባዬ በሩን ከውስጥ ከፈተለት፣ አንገቱን አቅፎ ወደ ራሱ ሳበው፣ አንድ ነገር ጠየቀው። ማን አሸነፈ ያለው ይመስለኛል። ልጁ በመስታወቱ ወደ እኔ አየና የሆነ ነገር መለሰ። አባዬ ሳቀ፣ ከሸንኮራው ቆርጦ አጎረሰው። ቀጥሎ ሁለተኛ አጎረሰው። መኪናው ተነሳ።

ለጋሪ የሚሆን ሳንቲም ቢኖረኝም በእግሬ እያለቀስኩ ሄርማታ ድረስ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እማዬ። እሷ ምስኪን ምንም አታውቅም። ብነግራት ትሞታለች፣ ባልነግራት እኔ እሞታለሁ። በረንዳው ጋ ስደርስ ወስኜ ነበር፤ አልነግራትም። ያን ዝምታ የሚያህል ነገር በልጅ ጫንቃዬ ልሸከምላት ቆርጬ፣ እንባዬን ጠርጌ፣ ፊቷ ቆምኩ።

የገና ልብስ ተከምሮባት እግሯ ፔዳሉን ይመታል። «አሸነፍሽ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«አቻ ወጣሁ። አዲስ አበባ አልሄድም።»

«አይዞሽ። ከማን ጋር ነው?»

«ከአንድ የአጋሮ ልጅ ጋር።»

እግሯ ቀጥ አለ። የስፌት መኪናው ድምፅ ሲቆም መርካቶው ሁሉ ጸጥ ያለ መሰለኝ። መርፌዎቹን ከከንፈሯ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካቻቸው።

«ኦብሳ?» አለች።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። እናቴ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ በኩል ተመለከተች፤ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ከዚያ እኔን፣ እንደ ባለጌ ልጅ፣ በቁጣ አየችኝ።

«ታዲያ ይዘሽው አትመጪም? ልጁ እኛ አገር መጥቶ ቤታችን ሳይበላ ይመለስ?»